እንከን የማይወጣለት ብስክሌት

ሲራጁዲን ብስክሌቱን የሚሞክረው እንከን ፍለጋ ነበር። ሰው ዕቃ ከመግዛቱ በፊት እንከን ቢፈልግ ብልህ ይባላል፤ የሱ ግን ከብልህነት አልነበረም። አንድ የረባ እንከን ካገኘ ብስክሌቱን መልሶ ወደ ጁወይሪያ መኪና የኋላ ወንበር ይመለሳል። ካላገኘ ግን ከእሷ ጋር የሚያሳልፋት የቀን ሃያ ደቂቃ ቀረችበት ማለት ነው።

ሲራጁዲን የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ዲቪ ደርሶት አሜሪካ መጥቶ ቴክሳስ ውስጥ ዩለስ የምትባል ከተማ ቤት ተከራየ፤ ኤርፖርት ውስጥ የአውሮፕላን ምግብ የሚያሰናዳ ኩሽና ተቀጠረ። ሰፈሩ አውቶቡስ አይደርስበትም። መንጃ ፈቃድ ሦስት ጊዜ ተፈትኖ ሦስቴም ፓርክ ሲያደርግ ምሰሶ ገጭቶ ወደቀ። ጁወይሪያ እዚያው ኩሽና፣ በዚያው የከሰዓት ፈረቃ ትሠራለች፤ ከአክስቷ ጋር የምትኖርበትም ከሱ ቤት ብዙም አይርቅም። መንገዴ ነው ብላ ታደርሰው ጀመር፤ ይኸው ዓመት ሊሞላ ነው።

የመጀመሪያው ቀን፣ የፊት ወንበር ላይ የተቀመጠውን ቦርሳዋን ልታነሳለት እጇን ስትዘረጋ፣ እሱ ቀደም ብሎ የኋላውን በር ከፍቶ ገባ። ባደገበት ቤት ወንድ ልጅ ከባዕድ ሴት ጎን ሄዶ አይለጠፍም፤ ማክበሩ ነው። ከኋላ ይመቸኛል አላት። እሷም የዘረጋችውን እጅ መለሰች። ከዚያ ወዲያ የፊቱን ወንበር ቦርሳው ወረሰው፤ የኋላውን ሲራጁዲን። ጨዋታቸው ሁሉ ከፊቷ በተሰቀለው መስታወት ሆነ። ስትስቅ አፏን አያይም፣ ዓይኗን ነው የሚያየው። መዳፍ የማታህል መስታወት ናት፤ ሲራጁዲን ግን ቀኑን ሙሉ የሚኖረው ለእሷ ሆነ። ይህን ለማን ይናገራል?

አንድ ጁምዓ ታዲያ ከሶላት ወጥቶ ጫማውን ሲያጠልቅ አንዱ ቀልደኛ፣ ያቺን ልጅ ሾፌርህ አደረግሃት አይደል አለው። ሰዎቹ ሳቁ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ቤቱ ሲገባ ግን ቃሉም አብሮት ገባ። ቤንዚን ጣራ የነካበት በጋ ነበር፤ ላዋጣ ቢላት በጄ አላለችም። ሸክም ሆኜባታለሁ ብሎ ደመደመ። እሷ አንድ ቀን እንኳ ፊቷን አጥቁራበት አታውቅም፤ ይሉኝታ ግን ምስክር አይጠራም።

ሌዊስቪል ከተማ የሚኖረው ወዳጁ፣ ታክሲ ነጂው ገመቹ፣ ጋራዡ ውስጥ የማይሸጠው ነገር የለም። አንድ ርካሽ የኤሌክትሪክ ብስክሌት አምጥቶ፣ ሳምንት ሞክረው፣ ካልተስማማህ መልሰው አለው። ሲራጁዲን ይህንኑ ለጁወይሪያ ሲነግራት ዓይኗ መስታወቱ ውስጥ አንዴ ብቅ ብሎ ወደ መንገዱ ተመለሰ። ካስቸገረህ እኔ ያው አለሁ አለችው።

የመጀመሪያውን ቀን እስከ ሥራ ቦታው ያለውን ስድስት ማይል ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ጨረሰ። ባትሪው መንገድ ላይ ይጥለኛል ብሎ ሲጠብቅ፣ ደርሶ ከተመለሰም በኋላ ሲሶው ተርፎ ነበር። በማግስቱ የቴክሳስ ነፋስ ፊት ለፊት መጣ፤ ብስክሌቱ አቃሰተ እንጂ አልቆመም። ሙቀቱ ያቀልጠዋል ብሎ ባትሪውን በእጁ ቢዳስሰው፣ ከባትሪው ይልቅ የጋለው ራሱ ሲራጁዲን ነው። ዝናብም ዘነበ፤ ፍሬኑ ያዘ። ባትሪውን ፈትቶ ሦስተኛ ፎቅ ሲያወጣ ደረጃው ላይ ሁለቴ አሳረፈው፤ ያን ጊዜ ደስ አለው፤ ይኸው እንከኑ! ምን ያደርጋል፣ ምድር ቤት የሚኖሩት ጋሽ ታፈሰ አይተውት፣ ለምን እኔ ቤት ቻርጅ አታደርገውም ብለው ገመድ ዘረጉለት። ደግ ጎረቤት አንዳንዴ ያለቦታው ይመጣል።

ብስክሌቱ መሪው ላይ ትንሽ መስታወት ነበረችው። ሲራጁዲን በየመብራቱ ያያታል፤ የምታሳየው የጭነት መኪና ብቻ ነው። ጁወይሪያ ናፈቀችው። ኩሽና ውስጥማ እሷ በአንዱ ጥግ ትሪ ትደረድራለች፣ እሱ በሌላው ጥግ ሰሃን ያጥባል፤ መሃላቸው አርባ ሰው አለ።

በሰባተኛው ቀን ጎማ ሲነፋ ዘገየ። ሌላ ቀን ጁወይሪያ ትወስደው ከነበረበት ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ነበር የሚወጣው። ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ግቢው ሲወጣ የጁወይሪያ መኪና በድሮ ቦታዋ ቆማለች። መስኮቷን አወረደች።

«ብስክሌቱ እንዴት ነው?» አለችው።

ባትሪው ይከብዳል ማለት ይችል ነበር። ነፋሱ አስቸገረኝ ማለት ይችል ነበር። ሾፌርህ አደረግሃት ያለው ሰውዬ ትዝ አለው።

«አልሐምዱሊላህ፣ እንከን አይወጣለትም። ከእንግዲህ አላስቸግርሽም።»

ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ጁወይሪያ «ጥሩ ነው» ብላ መስኮቱን ዘጋች። መኪናዋ ዞራ ስትወጣ ነው ሲራጁዲን ያየው፤ ቦርሳዋ የኋላ ወንበር ላይ፣ እሱ የሚቀመጥበት ቦታ ነበር። የፊቱ ወንበር ባዶ ነው።

ጋሽ ታፈሰ በረንዳቸው ላይ ሆነው ያያሉ።

«ቀድመህ እንደምትወጣ አልነገርካትም እንዴ?» አሉት። «ሳምንቱን ሙሉ በዚህ ሰዓት መጥታ፣ አምስት ደቂቃ ቆማ ነው የምትሄደው።»

ሲራጁዲን ብስክሌቱ ላይ ወጣ። ሞተሩን እስከ መጨረሻው ለቀቀው፤ በእግሩም ፔዳሉን መታ፤ ፍጥነቱ በሰዓት ሃያ ማይል ደርሶ እንቢ አለ። ቀዩ መብራት ላይ ቆማ አያት። መሃላቸው የቀረው ሁለት ሦስት መኪና ነው። ስሟን ሊጠራ አፉን ሲከፍት አረንጓዴ በራ፤ መኪናዋ ብስክሌት የማይገባበት ሀይዌይ ላይ ወጣች። እሱ መግቢያው ላይ ቆመ፤ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ።

ስልኩ ጮኸ። ገመቹ ነው።

«ሶ፣ ሳምንቱ ሞላ አይደል? ምን ወሰንክ?»

«እንከን አገኘሁበት።»

«ማለቴ፣ ምን ሆነ? ሥራ ቦታህ አያደርስህም?»

ሲራጁዲን መኪናዋ የሄደችበትን መንገድ ትክ ብሎ አየ።

«ሥራማ ያደርሳል» አለው።