ትንፋሽ የሚቆረጥበት ቦታ

«ፊኛ? በለቅሶ ቤት?» አለች አንዲት ጎረቤት፣ ፍራሽ ልታወጣ ከገባችበት የሟቿ ክፍል ከረጢት ሙሉ ፊኛ ይዛ ስትወጣ።

«የእህቴ ነው» አለች የሟቿ ታናሽ፣ አትክልት ሻጯ። እሷም ግራ እንደገባት ነው የኖረችው። ታላቅ እህቷ መስማት የተሳናቸውን ልጆች በሯን ዘግታ ቁርአን ታስቀራ ነበር። ከግድግዳው ወዲህ የሚሰማው የጠረጴዛ ኳኳታና አንድ ረጅም ድምፅ ብቻ ነው። አንድ ቀን «ለማይሰማ ልጅ ምኑን ነው የምታስቀሪው?» ብትላት፣ ታላቅየዋ በአስም ሳሏ መሀል ሳቀች።

«አንቺ ጡሩንባ፣ ሁሉ ነገር በጆሮ የሚገባ ይመስልሻል።»

ጡሩንባ ያለቻት ገበያ ላይ ቲማቲም ስትጠራ እስከ ማዶ ስለምትሰማ ነው። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም፤ ጉጉቱ ግን አልለቀቃትም።

ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ከጆሮዋ ጀርባ የመስሚያ መሣሪያ አለ። ከረጢቱን ስታይ ሮጣ አንድ ፊኛ አወጣች፤ ነፍታ ጉንጯ ላይ ለጠፈችና አትክልት ሻጯን በእጇ ምልክት «ተናገሪ» አለቻት።

«እህትሽ ስትቀራ ፊኛው ይንቀጠቀጣል» አለች እናትየው። «ረጅሙን ካጭሩ በጉንጫቸው ነው የለዩት። ሲጎብዙ ደግሞ እጃቸውን ጉሮሮዋ ላይ ታስደርጋቸዋለች። የኔዋ የመጀመሪያውን ምዕራፍ፣ ፋቲሃን፣ ጨርሳለች። ለእሷ ላሰማ ብላ ነው የመጣችው። መሞቷን ነግሬያታለሁ፣ እሺ አላለችም።»

ልጅቷ ቆመች። ድምፅዋ ሻካራ ነው፣ አንዳንዱ ፊደል ተሸራርፏል፤ ግን ፋቲሃ ነው። ለቀስተኛው ወሬውን አቆመ። ድምፁ ረዘም ተደርጎ በሚሳብበት በመጨረሻው ቃል ላይ ልጅቷ መሀል ላይ ቆረጠችው። ትከሻዋን ሰብስባ ሲር የሚል አየር ሳበችና ቀጠለች።

ጥግ የተቀመጡት የመስጊዱ ኡስታዝ ቀስ ብለው «ማሻአላህ» አሉ። «እዚያች ጋ ብቻ አይቆረጥም፤ ቃሉ ይበላሻል።»

«ሁሉም ልጆች እንደዚያ ነው የሚቀሩት» አለች እናትየው።

አትክልት ሻጯ ያን ሲርታ አወቀችው። የእህቷ ትንፋሽ ነው። አስሟ የሚያቋርጣት እዚያ ላይ ነበር፤ ጉሮሮዋን ይዘው የተማሩት ልጆችም ሲርታውን የቃሉ አካል አድርገው ያዙት። ትናንት የቀበረቻት እህቷ አሁን እዚህ ሰው መሀል ስትተነፍስ ሰማቻት።

«ተዉት፣ ኡስታዝ» አለች። «እሷ ናት እኮ። እንዲሁ ይቆይልኝ።»

«አንድ ፊደል ብትስት እንቅልፍ የማይወስዳት ሰው ነበረች» አሉ ኡስታዙ። «እንዲህ ሆኖ እንዲቀር የምትወድ ይመስልሻል?»

አትወድም። አትክልት ሻጯ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ማወቋም አናደዳት። ደህና ሳንባ ያላት ደግሞ እሷ ናት።

የልጅቷን እጅ ይዛ ከሻርፗ ሥር የራሷ ጉሮሮ ላይ አስቀመጠችና የመጨረሻውን ቃል ጀመረች። ያ ቦታ ሲደርስ ልጅቷ ትከሻዋን ሰበሰበች። እሷ ግን አልቆመችም፤ እንባዋ እየወረደ እስከ መጨረሻው ሳበችው።

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻትና ራሷን ነቀነቀች፤ አይደለም አለች። እጇንም ልታነሳ ስትል፣ አትክልት ሻጯ መልሳ ጫን አደረገችውና ቃሉን እንደገና ጀመረች።