ጋሽ ጉልላት «የረሱት» ሱቅ

«ሰውየው እኮ ጎበዝ ነበሩ። መጨረሻ ላይ ነው መርሳት የጀመሩት» አለ መህዲ ካርታውን እየበወዘ።

የኔሰው ከጎኑ የእድሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያልሰማ መሰለ። ሒሳብ ባለሙያው ጋሽ ጉልላት ከተቀበሩ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ዘነበወርቅ ሰፈር፣ ቤታቸው ደጃፍ ላይ በተተከለው ድንኳን የተሰበሰበው ሰው አብዛኛው የአየር ጤና ሰፈር ነጋዴ ነው። አብዛኛው በአንድ ወቅት የእሳቸው ደንበኛ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ አንዱ ሌላውን እያየ ወረቀቱን ሰብስቦ ወደ ሌላ ባለሙያ ሄዷል። ምክንያቱ የኔሰው ነው።

«አንተ ግን ትልቅ ሰው ነህ» አለው መህዲ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያን ሁሉ ቅጣት አምጥተውብህ ለቅሷቸው ላይ ሁለት ቀን ሙሉ መቀመጥ! እኔ ብሆን ቀብር ደርሼ እመለስ ነበር።»

«ተው እንጂ መህዲ» አለ የኔሰው። የቀረበለትን ንፍሮ በእጁ እንደያዘ አንድም ፍሬ ሳይቀምስ አስቀመጠው። አፍሮ ነበር። የእንዲህ ዓይነቱ እፍረት መጥፎነት ደግሞ፣ ሰው ሐዘን ነው ብሎ ያዝንልሃል።

የኔሰው ሶፋ ሠሪ ነው። ወርክሾፑን በከፈተ በመጀመሪያው ዓመት፣ እንደ ማንኛውም የሰፈሩ ነጋዴ፣ የዓመቱን ደረሰኝ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቆ ጋሽ ጉልላት ቢሮ ወሰደላቸው። ከረጢቱን አዩት፤ እሱንም አዩት።

«ወረቀቱን ተወው፤ ሐሙስ ሐሙስ እኔ እመጣለሁ» አሉት።

መጡም። ሐሙስ ከሰዓት፣ ገና ጨርቅ ያልለበሰ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው ይጠይቁታል። ምን ገዛህ? የትኛው ሠራተኛ ለቀቀ? ምን አስበሃል? የኔሰው መጀመሪያ ላይ ነገር የሚፈልጉ መስሎት ነበር።

«ጋሼ፣ ደረሰኙ ላይ አለ እኮ ሁሉም» አላቸው አንድ ቀን።

«ደረሰኝ ያለፈውን ነው የሚነግረኝ። የሚመጣውን የምትነግረኝ አንተ ነህ። ከደበቅከኝ ግን ዓይኔን ሸፍነህ መንገድ ምራኝ እንደማለት ነው።»

ስድስት ዓመት እንዲህ ሠሩ። ወርክሾፑ ቀጥ ብሎ የቆመው በእነዚያ ሐሙሶች ነው፤ የኔሰው ይህን ያውቃል። ከዚያ ጦር ኃይሎች አካባቢ የሶፋ መሸጫ ሱቅ ልክፈት ሲል ጋሽ ጉልላት «አንድ ዓመት ጠብቅ፤ ገና አልጠናህም» አሉት። አልጠበቀም። ሱቁን ከፈተ፤ ምክራቸውን መጣሱን ለመንገር ግን አፈረ። በየሐሙሱ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ሲሉት «ምንም ጋሼ፣ ሰላም ነው» ይላል። አሥራ አንድ ወር ሙሉ እንዲህ አለ።

አንድ ጠዋት የግብር ተቆጣጣሪዎች ወርክሾፑ መጡ፤ ጋሽ ጉልላትም ተጠሩ። የጦር ኃይሎቹ ሱቅ ለምን እንዳልተገለጸ ሲጠየቅ፣ የኔሰው ላብ አጠመቀውና አፉ እንዳመጣለት ተናገረ።

«እኔ ለሒሳብ ባለሙያዬ ነግሬያለሁ። እሳቸው ናቸው ያላሳወቁት።»

ጋሽ ጉልላት ስለ ሱቁ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር። ቀና ብለው አዩት። ባለቤቱ ሆን ብሎ ደብቆ ከሆነ ወርክሾፑ እንደሚታሸግ ያውቃሉ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ረስቼው ይሆናል» አሉ።

ነገሩ በቅጣት አለፈ። የኔሰው በሚቀጥለው ሐሙስ እግራቸው ላይ መውደቅ ሲገባው፣ ሐሙስ ሐሙስ ጦር ኃይሎች መዋል ጀመረ። ሠራተኞቹ እንደነገሩት ሽማግሌው ሦስት ሐሙስ መጥተው፣ ተቀምጠው፣ ሄደዋል። በአራተኛው አልመጡም። ሰው ስለ ቅጣቱ ሲጠይቀው ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ሒሳብ ባለሙያው ረሱብኝ» ይላል። አንድ ጊዜ የተናገረውን መልሶ መዋጥ አቃተው። በየሻይ ቤቱ ሲደጋግመው ወሬው በራሱ እግር ሄደ፤ የጋሽ ጉልላት ቢሮ በዓመቱ ተዘጋ።

በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ሊፈርስ ሲል የእድሩ ዳኛ አቶ ገሜዳ ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወንድማችን በሕይወት ሳለ ያስቀየመው ሰው ካለ፣ ቤተሰቡ ይቅርታ ይጠይቃል።»

«እግዜር ይማረው!» አለ ድንኳኑ በአንድ ድምፅ። ልማዱ እዚህ ላይ ያበቃል። ባለቤታቸው እትዬ ወለተጻድቅ ግን ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው፣ የባላቸውን ፎቶግራፍ እንዳቀፉ፣ በአግዳሚዎቹ መሐል አልፈው የኔሰው ፊት ቆሙ።

«የኔሰው ልጄ፣ የሌላው ቀላል ነው። ያንተ ግን ከነከነኝ። በእሱ መርሳት ለፍተህ ያቆምከው ቤት ሊፈርስብህ ነበር። ይቅር ብዬዋለሁ በለኝ፤ ነፍሱ ትረፍ።»

ይህን ብለው ጉልበቱን ሊይዙ ጎንበስ አሉ። የኔሰው ከመቀመጫው ዘሎ ተነሥቶ ትከሻቸውን ያዘ። ሁለት ቃል ብቻ ነው የተጠየቀው፤ ይቅር ብያለሁ። ቢል ሁሉም ያመሰግነዋል። ከእሱ ሌላ እውነቱን የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ተቀብረዋል። እነዚህን ቃላት እንዲህ ጎንብሰው ለሚለምኑት ባልቴት መናገር ግን ሟቹን ዳግመኛ መቅበር ሆነበት።

«እትዬ» አለ። «ጋሼ አልረሱም። አልነገርኳቸውም ነበር። ሱቁን ደብቄያቸው ነው፤ ስያዝ በእሳቸው አላከክሁ። ወርክሾፑ እንዳይታሸግብኝ ብለው ነው ረሳሁ ያሉት። እኔ ነኝ የበደልኳቸው።»

መህዲ ካርታውን አስቀመጠ። ከወዲያ ጥግ አንድ ሰው «አይ የሰው ነገር!» አለ። የኔሰው መሬት መሬት እያየ ስድቡን ጠበቀ። መሰደብ አምሮት ነበር።

እትዬ ወለተጻድቅ አልተሳደቡም። የነገሩ ትርጉም ቀስ እያለ ሲገባቸው ከፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

«ለእኔም እኮ ረሳሁ ነው ያለኝ» አሉ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤት በወጣ ቁጥር ‹ዛሬስ ደግሞ ምን ረስተህ ነው የምትመጣው?› እለዋለሁ። በሰው ፊት እለዋለሁ። ዝም ይለኛል።»

እትዬ ወለተጻድቅ እሱን ትተው እሱ የለቀቀው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ፎቶግራፉን ጭናቸው ላይ አስተኙና በነጠላቸው ጫፍ የባላቸውን ግንባር ቀስ አድርገው ጠረጉት።