ገጽ መቶ አሥራ ሁለት

«እስቲ አንተ ፍረድ» አለ ጨዋታ ፈጣሪው፣ ዳይሱን በመዳፉ ውስጥ እያንቀጫቀጨ። «‹በሽታ› የሚለው ቤት ላይ ያረፈ ተጫዋች ስንት ዙር ይቀመጥ? ሁለት ሳደርገው ‹ይሄማ ቀላል ነው› ይሉኛል። አምስት ሳደርገው ስልካቸውን አውጥተው መነካካት ይጀምራሉ።»

የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ቀና ሳይል ከካርቶኑ መጽሐፍ እያወጣ መደርደሩን ቀጠለ። «እኔ ምን አውቃለሁ?»

«አንተ ካላወቅህ ማን ሊያውቅ ነው? እህትህን ከሞት አፍ ያወጣህ ሰው!»

«እኔ አይደለሁም ያወጣኋት።»

«እሱማ እሱ ነው» አለ ጨዋታ ፈጣሪው፣ ጣቱን ወደ ጣራው ቀስሮ። ቁመቱ አጭር፣ ሳቁ ረጅም ሰው ነው። በገዛ እጁ ቀለም የቀባውን ሰሌዳ ዘርግቶ ከጠዋት ጀምሮ ያለፈውን ያገደመውን ሁሉ ሲያጫውት ውሏል።

የክርስቲያን ጸሐፊዎች፣ ሠዓሊዎችና ጨዋታ ፈጣሪዎች ጉባኤ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ከተከፈተ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ጠረጴዛዎቹ የተማሪ ናቸው። የቆጣሪ አንባቢው ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጥሮ ስለሚወዛወዝ የጉባኤውን መርሐ ግብር አጣጥፎ ከሥሩ ወትፎበታል። ደረቱ ላይ «ጸሐፊ» የሚል ካርድ ተንጠልጥሏል። በሥራ ቀን ውሻ እየጮኸበት ከግቢ ግቢ ዞሮ የመብራት ቆጣሪ የሚያነብ ሰው ነውና፣ እህቱ ልታሾፍበት ስትፈልግ ካልሆነ በቀር «ደራሲው» ብሎ የጠራው የለም። ካርዱን ከትናንት ጀምሮ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ዝቅ ብሎ አይቶታል።

መጽሐፉ «እህቴ ከአልጋዋ ስትነሣ» ይባላል። ሽፋኑ ላይ እህቱ ገና ብቅ ብቅ ያለ ፀጉሯን በቢጫ ሻሽ ሸፍና፣ በር ላይ ቆማ ትስቃለች። ስድስት ዓመት የለፋበት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መድረክ ወጥቶ ከመጽሐፉ ያነባል፤ የሚነበበውን ገጽ ተሰብሳቢው ራሱ ነው የመረጠው።

ተሰብሳቢው የማያውቀው ነገር አለ። ከሦስት ሳምንት በፊት ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ «ካንሰሩ ተመልሷል» ብሏቸዋል። «ጉበቷ ጋ ደርሷል።» አሁን፣ እሱ እዚህ መጽሐፍ ሲደረድር፣ እህቱ ሆስፒታል ወንበር ላይ ክንዷን ዘርግታ መድኃኒቱ ጠብ ጠብ እያለ ይገባላታል። ቀርቼ አብሬሽ ልዋል ቢላት እምቢ አለች።

«ሂድ አንተ! እኔን እያየህ ብትቀመጥ ጠብታው አይፈጥን።»

«እንዴት ናት ብለው ቢጠይቁኝስ፣ እትዬ?»

«አለች በላቸው። አለሁ አይደል?»

እንዳለችው ከጠዋት ጀምሮ «አለች» ሲል ዋለ። ሰዎቹም «ተመስገን!» እያሉ እጁን ጨብጠው አለፉ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ አንዲት ሴት ጠረጴዛው ፊት ቆመች። ልብስ ሰፊ መሆኗን አንገቷ ላይ የረሳችው ሜትር ያሳብቃል። የያዘችው መጽሐፍ ከመገለጥ ብዛት አብጧል።

«ጸሐፊው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«ለባለቤቴ ይፈርሙለት። ደከም ስላለው መምጣት አልቻለም። ታዲያ ፊርማ ብቻ እንዳይሆን፤ በርታ፣ ልክ አድርገሃል ብለው ይጻፉለት።»

እስክሪብቶውን ከፈተ። «ምኑን ነው ልክ ያደረጉት?»

«መርፌውን መተዉን ነዋ! ሁለት ዙር ወስዶ ነበር። ሦስተኛው ያለፈው ሰኞ ነበር፤ አልሄድም አለ። ‹ይቺ ሴት ያለ መርፌ አይደል የተነሣችው? እኔስ የማን ልጅ ነኝ?› አለኝ።» መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ለቀቀችው፤ ራሱ ተከፈተ። ገጽ መቶ አሥራ ሁለት። አንድ ዓረፍተ ነገር በቀይ ተሰምሮበታል፦ «ከዚያ ቀን ወዲያ እጇን ለፈጣሪዋ እንጂ ለሰው አልዘረጋችም።»

ቆጣሪ አንባቢው ዓረፍተ ነገሩን ያውቀዋል። የጻፈው ቀን በጣም ጣፍጦት፣ ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ አንብቦት ነበር።

በዚያ ዓረፍተ ነገር ቦታ ቀድሞ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ነበር፤ አሥራ አራት ገጽ። የስምንት ወሩ መርፌ፣ መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር፣ «ደም ሥርሽ ድብብቆሽ ይጫወትብኛል» እያለች ክንዷን የምታሽላት ነርስ፣ ሁሉም እዚያ ነበሩ። እህቱ የጸለየችውም መርፌው ክንዷ ላይ ተሰክቶ ነው። አርታኢው አንብቦ ሲጨርስ በለሰለሰ ድምፅ «ወንድሜ፣ አንባቢው መጨረሻ ላይ ማንን ያመስግን? ጌታን ወይስ ነርሷን?» አለው። ቆጣሪ አንባቢው መጽሐፉ እንዲታተም ከመጓጓቱ የተነሣ ምዕራፉን አወጣና ክፍተቱን በዚያች ባማረች ዓረፍተ ነገር ሰፋው። እህቱ የታተመውን አገላብጣ «ነርሷን የት አደረስካት?» ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ።

«እናቴ» አለ አሁን። «እህቴ መርፌውን አልተወችም። ስምንት ወር ወስዳለች።»

ሴትየዋ መጽሐፉን አየች፤ እሱን አየች። «እዚህ የለማ።»

«እዚያ የለም።»

«ለምን የለም?»

ከጎኑ የዳይሱ መንቀጫቀጭ ቆመ።

«እኔ ብነግረው አይሰማኝም» አለች ሴትየዋ፤ አልጮኸችም። «‹እምነትሽ ደከመ› ነው የሚለኝ። እኔ ከመጽሐፉ እበልጣለሁ?»

ስልኩን አውጥቶ ደወለ። እህቱ ቶሎ አነሳች።

«ደራሲው! አነበብክ?»

«እትዬ...» ነገራት። ከስልኩ የሆስፒታል ጋሪ ጎማ ሲንጫጫ ይሰማል።

«ስንት ዓመቱ ነው ሰውየው?»

ሴትየዋን ጠየቃት። «ሃምሳ ሁለት» አለች።

«ስጣት ስልኩን። ወንበሩ ላይ ሆኜ እያወራኋት እንደሆነ እነግራታለሁ።»

«መመለሱንም?»

«እሱንም።»

«መርፌውም ከንቱ ነው ብሎ ተስፋ ቢቆርጥስ?»

«እሱን ለኔ ተወው። ስትጽፍ ብልጥ ሆነህ ነበር፤ አሁን ደግሞ ብልጥ አትሁን። ስጣት።»

ሴትየዋ ስልኩን በሁለት እጇ ተቀብላ ባዶው ካርቶን ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ «እግዜር ይማርሽ፣ እህቴ» አለች። ከዚያ ታዳምጥ ጀመረች፤ የሜትሩን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠቀለለች፣ እየፈታች፣ እንደገና እየጠቀለለች።

ማይክራፎኑ አንዴ ጮኸና ተስተካከለ። መድረኩ ላይ የቆመው ያው አርታኢው ነበር። «ወገኖቼ፣ አሁን የብዙዎቻችንን እምነት ያነቃቃውን ወንድማችንን እንጋብዛለን። መጽሐፉ ያላችሁ ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን ግለጡ!»

አዳራሹ በወረቀት ኮሽታ ተሞላ። ቆጣሪ አንባቢው ከወንበሮቹ መሃል የሚታየውን ቢጫ ሻሽ መቁጠር ጀምሮ ሃያ ስምንት ላይ ተወው። ከእያንዳንዱ ሽፋን ላይ እህቱ ትስቃለች።

«ሂድ እንጂ፣ ይጠሩሃል» አለ ጨዋታ ፈጣሪው። ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ፤ ዛሬ ዝም ብለህ አንብበህ ውረድ። ሰው ፊት አትዋረድ። በሁለተኛው እትም ታስተካክለዋለህ።»

«የሰውየው ሰኞ አልፏል» አለ ቆጣሪ አንባቢው።

መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣ እስክሪብቶውን ይዞ በወንበሮቹ መሃል ሄደ። ሰዎች ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፤ አንዷ ሠዓሊ ፎቶ አነሳችው። አርታኢው መድረኩ ላይ እቅፍ አድርጎ ሳመውና ማይክራፎኑን በመሃላቸው ያዘ።

«ከማንበብህ በፊት ሁላችንም የምንጓጓለትን ልጠይቅህ። እህታችን እንዴት ናት?»

«አለች» የምትለው ቃል ምላሱ ላይ ተዘጋጅታ ነበር። ወደ አዳራሹ ጀርባ ተመለከተ። ሴትየዋ አሁንም ካርቶኑ ላይ ናት፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ በሌላኛው እጇ ዓይኗን ትጠርጋለች።

ማይክራፎኑን ከአርታኢው እጅ ወሰደ።

«ጸሐፊዎች ናችሁ፤ እስክሪብቶ አታጡም» አለ። «አውጡ። ከላይ አራተኛው መስመር ላይ የምትሰርዙት አለ።»