እንዴት እንደነገርከኝ ንገራቸው

አማቱ፣ የሚስቱ አባት፣ ለአረም መድኃኒት ረጪው ብቻ የተለየች ኩባያ ነበረቻቸው። እንግዳው ሁሉ በብርጭቆ ሲጠጣ ለእሱ አረንጓዴ የፕላስቲክ ኩባያ ይቀርብለታል። ጠጥቶ ሲያበቃም ከሌላው ዕቃ ጋር አትታጠብም፤ ወጥታ ግቢ ውስጥ ቧንቧው ሥር ትጣላለች። «መርዝ የነካ እጅ ነው፤ ምን ይታወቃል» ይላሉ አማቱ፣ ሰው እየሰማ፣ እሱም እየሰማ። ሚስቱ «ኧረ አባዬ፣ ተው» ትላለች እየሳቀች። ከስድቡ ይልቅ ሳቋ ነበር የሚያንገበግበው።

ሥራው እምቦጭ ማጥፋት ነው። ወንዙንና ወንዙ የሚገባበትን ሐይቅ የወረረውን ያንን ባለ ሐምራዊ አበባ አረም ሰዉ ለዓመታት በእጁ ሲነቅል፣ በገመድ ሲጎትት፣ በጀልባ ጭኖ ዳር ላይ ሲከምር ኖሯል። አረሙ ደግሞ የተነቀለበትን ቦታ ዞር ሳይሉ መልሶ ይሸፍነዋል። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ የተባለው ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም። በኋላ የውሃ ቢሮው መድኃኒት አመጣ፣ ከመድኃኒቱ ጋርም ረጪዎች ቀጠረ። መድኃኒቱ ውሃ ስለሚመስል የተረጨው ካልተረጨው እንዲለይ ሰማያዊ ቀለም ይቀላቀልበታል። ይህ ቀለም ጓንት አልፎ ጥፍር ሥር ይገባል፤ ሳሙና የሚባል ነገር አይፈራም። አማቱ ረጪውን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። «ሰማያዊው» ነው የሚሉት።

እሳቸው የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ሲነዱ አንድ ሰው አልገጩም፤ ይህንንም ያልነገሩት ሰው የለም። ጡረታ ሲወጡ «ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» የሚለውን ሰሌዳ ከአውቶቡሱ ነቅለው ወሰዱና የሳሎናቸው በር ላይ ሰቀሉት። ሰው ቀልድ ይመስለው ነበር። ቀልድ አልነበረም። በዚያ ቤት የሚናገሩት እሳቸው ናቸው፤ የሌላው ሥራ መስማት ነው። ከዚያ በኋላ ከወንዙ ኩርባ በታች ቁራሽ መሬት ይዘው ቲማቲም ተከሉ። ጧት ማታ ተክሉን ሲዳብሱ ያየ ሰው እኚህ ሰውዬ ማቀፍ ያውቃሉ እንዴ ይላል። ልጃቸውን ሲያቅፉ ያየ ግን የለም።

መድኃኒቱ ለእምቦጭ ይሠራ እንጂ ለቲማቲም አይራራም። ከተረጨው ውሃ ጥቂት ከደረሰው ቅጠሉ ይጠማዘዛል፣ ግንዱ ያብጣል፣ አበባው ይረግፋል። ስለዚህ የረጪዎቹ ካቦ የማያወላዳ ደንብ ነበረው። ርጭት ሊጀመር ሲል ረጪው ከወንዙ ዳር ያለውን ባለፓምፕ ሁሉ ፊት ለፊት ያገኘዋል። «ልንረጭ ነው፤ መጥተን ይችን ጨርቅ እስክንፈታ ድረስ ፓምፕ አታስነሳ» ይለዋል። ባለፓምፑም በገዛ አፉ «ሰምቻለሁ» ይላል። ቢጫ ጨርቅ ፓምፑ እጀታ ላይ የሚታሰረው ከዚህ ቃል በኋላ ብቻ ነው። ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም። «ፊርማ ይካዳል፣ ቃል ግን ያሳፍራል» ባይ ነው ካቦው። ባለቤቱ ሳይነገረው ጨርቅ ያሰረ ረጪ ፈቃዱን ይነጠቅና ይባረራል፤ ሁለተኛ መርጫ አይሸከምም።

የኩርባው ተራ ሲደርስ ረጪው ባለፓምፖቹን አንድ በአንድ ነግሮ፣ ጨርቁን አስሮ፣ የአማቱ ብቻ ቀረው። ሄደ። አማቱ ከለቃሚ ሴቶች ጋር ሆነው የቲማቲሙን ግንድ ከደገፈው እንጨት ጋር እያሰሩ ነበር። ገና በሩቁ ሲያዩት እጃቸውን አነሱ።

«እዚያው ቁም። ትንፋሽህ ቅጠሌን እንዳያደርቅብኝ።»

ሴቶቹ ሳቁ። አንደኛዋማ ወገቧን ይዛ ቁጢጥ አለች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር የመጣሁት።»

«ነገሩም ሰማያዊ ነው?» አሉ። ሴቶቹ እንደገና ሳቁ። «ነገር ያለው ሰው ታጥቦ ይመጣል። ልጄ ባታዝንብኝ ኖሮ በዚህ አጥር ባላሳለፍኩህ። ሂድ።»

ቆሽቱ አረረ። መናገር የነበረበት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ከቆመበት ሆኖ ጮክ ብሎ ቢላት ትሰማ ነበር። ይህን አሳምሮ ያውቃል። እሱ ግን ፈገግ አለና «እሺ አባባ» ብሎ በማሳው ዳር ዞሮ ወደ ወንዙ ወረደ። ፓምፑ በቆርቆሮ መጠለያው ሥር ተቀምጧል። ጨርቁን ከኪሱ አውጥቶ እጀታው ላይ አሰረ፣ ቋጠሮውንም ጠበቅ አደረገው። ለራሱ አልነገርኳቸውም አላለም። አልሰማ አሉኝ ነው ያለው። ሰው ለገዛ ክፋቱ ስም ማውጣት መቼ ይቸግረዋል።

«አማትህስ?» አለ ካቦው።

«ሰምቻለሁ ብለዋል።»

«እሳቸው? ሰምቻለሁ አሉ?» ካቦው ሳቀ። «ወይ ጉድ። ሰው ይለወጣል ማለት ነው።»

ቤት ሲገባ ሚስቱ የገፋ ሆዷን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። በምትሠራበት መድኃኒት ቤት ስትቆም ውላ እግሯ አብጧል። «ለአባዬ ነገርከው?» አለችው።

«ነገርኳቸው።»

«አልተቆጣም?»

«ምን ያስቆጣቸዋል።»

እጁን ሳበችና ሰማያዊ ጥፍሩን ሳመችው። የዚያን ጊዜ ሊነግራት ይችል ነበር። ወደ ማሳው ተመልሶ መሄድም ይችል ነበር፤ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ጫማውን አወለቀ።

ርጭቱ የዋለው ነፋስ በሌለበት ጧት ነው። ረጪው ከጀልባው አፍንጫ ላይ ቆሞ የመርጫውን ዘንግ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ በዝግታ ይመልሳል፤ ሐምራዊው አበባ ሰማያዊ ጠብታ ይቋጥራል። ሙያውን ያውቅበታል፤ አንድ ቅጠል አያልፈውም። ከኩርባው በታች ያለውን ማሳ እያሰበ ነበር የሚረጨው፣ ልቡም ቀላል ነበር። ደስ ብሎታል ማለት ነው።

ጎረቤት አትክልተኞች ፓምፓቸውን አቁመው ጠበቁ። ለሹፌሩ የነገራቸው የለም። የገዛ አማቻቸው ሳይነግራቸው ይቀራል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ደግሞስ እሳቸውን ደፍሮ የሚያነጋግር ማን አለ? እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ጧት ወርደው፣ እጀታው ላይ ያገኟትን፣ ትርጉሟን ያላወቋትን ቢጫ ጨርቅ ፈትተው፣ ለአንድ ተክል ማሰሪያ ይዘዋት ወጡ። ፓምፑን አስነሱ። ማሳው ጠጣ።

መጀመሪያ የቅጠሉ ጫፍ ታጠፈ። ቀጥሎ ቅርንጫፉ ወደ ታች ተጠማዘዘ፣ ከዚያ አበባው ረገፈ። ብዙም ሳይቆይ አንድም ደህና ተክል አልቀረም። «ሰው ሳይገጩ ጡረታ የወጡት ሹፌር ማሳቸውን በገዛ ፓምፓቸው ገጩት» ይባባሉ ጀመር ጎረቤቶቹ። አማቱ ለማንም ሳይናገሩ ተክሎቹ መሃል መሬት ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ለቃሚዎቹ ናቸው ልጃቸውን የጠሯት።

ካቦውም ሰምቶ መጣ። ረጪው ከኋላው ነበር፣ ሚስቱም ከጎኑ። ካቦው በመስመሮቹ መሃል ሲሄድ ቆየና ድንገት ቆመ። ቢጫዋ ጨርቅ አንድ ግንድ ከደገፈው እንጨት ጋር አስራ ይዛለች።

«ጋሼ፣ ይችን ከየት አመጧት?»

«ከፓምፑ ላይ» አሉ።

«ይች ጨርቅ ባለቤቱ ተነግሮት፣ ሰምቻለሁ ካላለ አትታሰርም። ልጁ ሰምቻለሁ ብለዋል ብሎኛል። ካልነገረዎት ግን ዛሬውኑ ከሥራ ይወጣል፤ ከእንግዲህም በዚህ ሙያ አይገኝም። ነግሮዎታል ወይስ አልነገረዎትም?»

ረጪው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ለቃሚዎቹ እጃቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ። አማቱ ልጃቸውን አዩ፤ ሆዷን ደግፋ ቆማለች። ከዚያ እሱን አዩት፣ ረጅም ጊዜ። መንገድ ላይ የቆመ ሰው ይለፍ አይለፍ የሚመዝን ሹፌር እንደዚያ ነው የሚያየው።

«ነግሮኛል» አሉ። «ሰምቻለሁም ብያለሁ። ንቄው ነው።»

ረጪው መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው፤ ማሳመር አያስፈልግም። ተረፈ። ሚስቱ ግን እሳት ለበሰች። ከተወለደች ጀምሮ አባቷ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም ነበር፤ የዚያን ቀን በለቃሚዎቹ ፊት አደረገችው። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ማለት አንተ ነህ። ባሌ እግርህ ድረስ መጥቶ ነግሮህ፣ ንቄው ነው ትላለህ? በምኑ ነው የምትንቀው? ሰው የሚበላው ነገር ቢሆንስ ይሄ?» አለቀሰች። አማቱ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ረጪውም፣ ሰው ወዳጅ ሆኖ፣ ትከሻዋን ይዞ «ተይ በቃ፤ ሰው ይሳሳታል» አላት። አማቱ የዚያን ጊዜ ብቻ ቀና አሉ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ሁሉ የያዘችው ሚስቱ ናት። አባቷ ብቻቸውን የሚታመኑ ሰው አይደሉም ብላ ደመደመች። ማሳው ተለቀቀ፣ ፓምፑ ለጎረቤት አትክልተኛ ተሰጠ፣ እሳቸውም ሻንጣቸውን ይዘው ልጃቸው ቤት ገቡ። ሳሎን ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ያለው ሶፋ መኝታቸው ሆነ። አንድም ቀን አልተቃወሟትም። ሕፃኑ ሲወለድ ቤቱ በጠያቂ ተሞላ።

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች የሚስቱ የሥራ ባልደረቦች ነበሩ። አንዷ በጨዋ ደንብ ስለ ማሳው አንስታ «ሰምተን አዘንን» አለች።

«ምን ታዝናላችሁ፤ የራሴ ጥፋት ነው» አሉ አማቱ። ከዚያ ወደ ረጪው ዞሩ። «እስቲ እንዴት እንደነገርከኝ ንገራቸው።»

«እ... መጥቼ ነገርኳቸው» አለ ረጪው።

«እንደዚህ ነው ወሬ የሚነገር? ቲማቲም እያሰርኩ አልነበረም?»

«እያሰሩ ነበር።»

«በሩቁ ሳይህ ምን አልኩ?»

የእንግዶቹ ዓይን እሱ ላይ ነው። አማቱ ራሳቸው መለሱለት። «ና ልጄ፣ ፀሐይ ላይ አትቁም አላልኩህም? ወንበር አልሰጠሁህም?»

«ሰጥተውኛል» አለ ረጪው።

ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለች። «ልጄ ብሎህ ነበር?» አለች። «ይሄን ነግረኸኝ አታውቅም።» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር ነው። አማቱ ተረኛውን እንግዳ ደህና አድርገው ያስቀምጡና «እንዴት እንደነገርከኝ ንገራቸው» ይላሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። እሱ ይናገራል፤ እሳቸው ያርማሉ። አንድ ቃል ከዘለለ ያስመልሱታል። ወሬው እየወፈረ ሄደ፤ ውሃ አጠጥተውታል፣ በጥሩው ብርጭቆ። ትከሻውን መታ መታ አድርገውታል። እንግዳው ሁሉ እንዲህ ያለ አማት ከየት ይገኛል እያለ ይወጣል። ረጪው ርጭት ላይ እጁ መሳሳት ጀመረ። ቤቱ በር ላይ የማያውቀውን ጫማ ሲያይ ተመልሶ ሰፈሩን ይዞራል።

አንድ ቅዳሜ ሚስቱ ሕፃኑን ይዛ ወጥታ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። አማቱ ሶፋው ላይ ሆነው የሕፃኑን ጨርቅ ያጥፋሉ።

«አባባ፣ አልቻልኩም» አለ ረጪው። «ዛሬ ስትመጣ እነግራታለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«አልነገርኳቸውም ብዬ።»

አማቱ ጨርቁን አጥፈው ከሌላው ላይ ደረቡት። «ንገራት» አሉ። «አባቷን ባላጠፋው ጥፋት ሰው ፊት እንዳዋረደችው ንገራት። መሬቱን ያስጣለችው፣ ፓምፑን የሰጠችበት፣ እዚህ ሶፋ ላይ ያስተኛችው በከንቱ መሆኑን ንገራት። እኔማ አልነግራትም። እኔ ልጄን እወዳታለሁ።» ሌላ ጨርቅ አነሱ። «አንተ ከጨከንክ ንገራት።»

ረጪው ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ። በሩ ተከፈተና ሚስቱ ገባች፣ ሕፃኑን አቅፋ፣ ከኋላዋም አዲሷ ጎረቤት።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ቁጭ በይ» አሉ አማቱ ለጎረቤቷ ቦታ እየለቀቁ። «የሕፃኑ አባት ወሬ ያውቃል። እስቲ ልጄ፣ እንዴት እንደነገርከኝ ንገራት።»

ሚስቱ ከአባቷ ጎን ተቀምጣ ሕፃኑን ወደ ትከሻዋ አዛወረችና ፈገግ ብላ ባሏን አየችው። ይህን ወሬ ስትሰማው አትጠግብም።

«ቲማቲም እያሰሩ ነበር» አለ ረጪው። «በሩቁ ሲያዩኝ... ወንበር ሰጡኝ።»

«ዘለልክ» አሉ አማቱ። «ከወንበሩ በፊት ያልኩህ አለ። እንግዳዋ አልሰማችውም። ከመጀመሪያው ጀምርላት።»

ረጪው ከመጀመሪያው ጀመረ።