ሌላው አብነት

በዚያ የሕንፃ ሥራ ድርጅት ውስጥ «ሳይት» የሚለው ቃል አንድ ትርጉም ብቻ በነበረው ጊዜ ሰው ሁሉ በሰላም ይኖር ነበር። ሳይት ማለት ጭቃ፣ ሲሚንቶና የፎርማን ጩኸት ነው፤ አለቀ። ኋላ ግን በድርጅቱ የውስጥ መገናኛ ላይ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱ ገጽ ይከፈትለት ተባለና የዚህም ስም ሳይት ሆኖ አረፈው። ከዚያ ወዲህ «ሳይትዎ ተከፍቷል» ተብሎ ቦት ጫማውን አጥልቆ የሮጠው ፎርማን አንድ ብቻ አይደለም።

ይህን የኮምፒውተር ሳይት ለድርጅቱ ያስለመደችው ዋናዋ ናት። ዋናዋ መባሏ ታናሽ እህቷም እዚያው ስለተቀጠረች ነው። ሁለቱ መልካቸው ቁርጥ አንድ ስለሆነ ቢሮው ታላቋን ዋናዋ፣ ታናሿን ቅጂ ብሎ ተገላገለ። ቅጂ ስሙን ስቃ ታሳልፈዋለች እንጂ ወዳው አታውቅም። ልጅ ሳለች የለበሰችው ቀሚስ የእህቷ፣ የተማረችበት መጽሐፍም የእህቷ ነበር። ትንሽ ካጠፋች እናቷ «አብነት የምትሆንሽ እህት ከቤትሽ እያለችልሽ!» ትላታለች። በሥራ ቦታ እንኳ እፎይ እላለሁ ስትል፣ እህቷ አዳዲስ ሳይቶች የሚከፈቱበት አንድ ሞዴል ሠርታ ኖሮ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የተጻፈው ስም ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አብነት።

አዲስ ፕሮጀክት ሲመጣ «ከአብነት ፍጠር» የሚለውን መጫን ነው። ፋይል ማስቀመጫው፣ የቀን መቁጠሪያው፣ የሥራ ዝርዝሩ፣ ሁሉም ተሟልቶ ዱብ ይላል። ሙያ ነው፣ ማን ይክዳል።

ዋናዋ ወልዳ ዕረፍት ስትወጣ ወንበሯ ላይ ቅጂ ተቀመጠች። እናታቸው ወዲያው ደወለች።

«አደራሽን፣ እህትሽ ያበጀችውን እንዳትነካኪ።»

«እሺ እማዬ።»

የመጀመሪያ ሥራዋ የአንድ ትምህርት ቤት ሕንፃ ነበር። ሳይቱን ከአብነቱ ፈጠረችው፤ የቀዳችው ሻይ ሳይበርድ ሥራው አለቀ። ቀናት አለፉ፣ ማንም ዝር አላለበትም። ፎርማኑ ጋ ደወለች።

«ጋሼ፣ ሳይቱን አልከፈቱትም እንዴ?»

«ከከፈትኩት ቆየሁ ልጄ፣ መሠረቱም ወጥቷል።»

«የእኔን ሳይት ነው የምልዎት።»

«እሱንማ ገብቼ ጠፍቼ ወጣሁ። ፕላን ስፈልግ የድርጅቱን ራእይ አገኘሁ።»

ቅጂ ሳቀች፣ ነገሩ ግን ከነከናት። በማግስቱ ግንባታው ድረስ ሄዳ በፎርማኑ የቆርቆሮ ቢሮ ውስጥ ዋለች። የሚገባው ሰው ሁሉ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ስልኩን ያወጣል። የሚፈልገው የመጨረሻውን ፕላን ነው፣ ወይ ዛሬ የሚመጣውን ዕቃ፣ ወይ ሲቸግረው የሚደውልለትን ሰው። አብነቱ እነዚህን አልነፈገውም፤ ግን ፎልደር ውስጥ ፎልደር፣ በዚያም ውስጥ ሌላ ፎልደር አድርጎ ቀብሯቸዋል። ዋናዋ ቢሮ ተቀምጣ የሠራችው ለቢሮ ሰው ነበር።

ቅጂ ተመልሳ ባዶ ገጽ ከፈተች። በሕይወቷ ሌላ ሰው ያልጀመረውን ነገር ጀምራ አታውቅምና ነጩ ገጽ አፈጠጠባት። ሁለት ጊዜ ዘጋችው፣ ሁለት ጊዜ ከፈተችው። በመጨረሻ የሚፈለጉትን ነገሮች በትልልቁ ፊት ለፊት አሰፈረች፣ የቀረውን ወደ ጓዳ ላከች፣ ራእዩንም ጭምር። ለሌሎችም እንዲሆን በአብነትነት ልታስቀምጠው ስትል ኮምፒውተሩ ስም ስጪው አላት፤ ሌላ ስም ስላልመጣላት «ሌላው አብነት» ብላ ጻፈች። የትምህርት ቤቱን ሳይት በእሱ ቀየረችው እንጂ የእህቷን አብነት ጫፉን አልነካችም።

ፎርማኑ በነጋታው ፕላኑን ከስልኩ አወጣና «አሁን ገና ሳይት ሆነ» ብሎ ደወለላት። ከዚያ የድልድዩ ፕሮጀክት ሰዎች «ለእኛም» አሉ፣ ከዚያ የመጋዘኑ። የቅጂ ልብ ቅቤ ጠጣ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስትመጣ እያንጎራጎረች ነው። ፀጉሯንም እህቷ ተቆርጣው በማታውቀው ዓይነት ተቆረጠች።

አፉ የማያርፈው ሒሳብ ሹም ግን መተላለፊያው ላይ ቆሞ «ቀድሞ የበቀለን ጆሮ፣ ኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው» ብሎ ለፈፈ። ሁሉም ሳቀ፣ እሷ አልሳቀችም። እህቷን ትወዳታለች። እህቷ ተመልሳ ተቀይማ ይህን አጥፊልኝ ብትላት እምቢ የምትልበት አንጀት የላትም፤ ማጥፋቱም ደግሞ አንጀቷን የሚቆርጥ ሆኖባታል። የራሴ የምትለው የመጀመሪያ ነገሯ ነው።

ዋናዋ በተመለሰችበት ጠዋት ለአንድ መንገድ ሥራ አዲስ ሳይት ይከፈት ተባለ። እሷ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ ቅጂ ከኋላዋ ቆመች። ኮምፒውተሩ ሁለት አብነቶች ጎን ለጎን አወጣና የቱን አለ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እትዬ፣ ልነግርሽ ነበር እኮ…»

ዋናዋ እጇን አንሥታ ዝም አሰኘቻት። የራሷን ከፈተች። ሌላውን ከፈተች። ተመልሳ የራሷን። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

«ከየት አይተሽ ነው የሠራሽው?»

«ከየትም። ከባዶ ነው የጀመርኩት።»

«ፈርተሽ ነበር?»

«በጣም።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ነኝ» አለች ዋናዋ። «አንቺን እህትሽን እዪ ይሉሻል። እኔን ማንን እዪ ይበሉኝ? ‹አንቺ ብቻ አትሳሳቺ፣ ታናሽሽ ታይሻለች› ነው የሚሉኝ፤ ይኼው ነው። ደክሞኝ ነበር።»

ቅጂ ይህን ከአፏ ሰምታ አታውቅም። እህቷ አትደክምም ብላ ነበር ያደገችው። ዐይኗ እንባ ሞላ።

ዋናዋ ሌላውን አብነት ተጫነች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ጎን ሳብ አድርጋ ለእህቷ ቦታ ለቀቀች።

«በይ ቁጭ በይና አሳዪኝ» አለቻት። «ቀጥሎ ምንድን ነው የምጫነው?»