የውሰት መታወቂያ

«እኔን አትጥሪኝ እንጂ፣ ባልሽን ፍኖተ ሰላም ከተማ ፎቶ ቤት ከአንዲት ልጅ ፊት ተቀምጦ ሲስቅ አይተውታል» አለች ጎረቤቷ እናኑ፣ ንፍሮ የምታቀርብ መስላ ወደ አቻምየለሽ ጆሮ ጠጋ ብላ። «ያውም በሞተባት ዕለት! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው እቴ።»

አይ እናኑ! ለቅሶ ቤት መጥታ እንኳ ምላሷ አያርፍም። ነገሩ ግን ከአቻምየለሽ ልብ ገባ። ባሏ ደረሰ ከተቀበረ ሠልስቱ ነው። ድንኳን ሙሉ ሰው «ደግ ሰው ነበር» እያለ ያለቅሳል፤ የእሷ እንባ ደርቋል።

ምን ታድርግ? ያን ዕለት ጤፉ አውድማ ላይ ተበትኖ፣ በሬዎቹ እያበራዩ ሳለ ደረሰ ሥራውን ጥሎ ታጠበ፤ የሰንበት ኮቱን ለበሰ። «ወዴት ነው?» ብትለው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ማዳበሪያ መጥቷል ይላሉ» አላት። በጥር ማዳበሪያ! ውሸት መቼ ይችልበታል? ተናድዳ ፊቷን አዞረችበት፤ ሳትሸኘው ሄደ። ሲመለስ የተሳፈረበት አይሱዙ መንገድ ላይ ተገልብጦ፣ ማታ ሬሳው መጣ።

ዋርሳዋ አሸናፊም አላማራትም። ፍኖተ ሰላም ሞባይል የሚጠግነው ይህ የደረሰ ታናሽ ወንድም፣ ለለቅሶ ከመጣ ጀምሮ ዓይኗን ይሸሻል። ሴቲቱን ያውቃታል፣ ደብቆለታል ብላ ቆረጠች። ከድንኳኑ ወጥታ ጓሮ፣ ጭድ ክምሩ ሥር ብቻውን ተቀምጦ አገኘችው።

«ሴቲቱ ማን ናት?»

«የምን ሴት?»

«ፎቶ ቤት የነበረችው! ባሌን ማልቀስ አቅቶኛል እኮ። ንገረኝና ወይ ልርገመው፣ ወይ ላልቅስለት!»

አሸናፊ አፉን ከፍቶ አያት። «ወንድም ጋሼን ነው? እንዴ፣ እትዬ! ፎቶ አንሺዋ ናት። የወሰድኩትም እኔ ነኝ።»

ከዚያ እየተንተባተበ ዘረገፈው። በስልኩ ካዚኖ የሚሉትን ቁማር ይጫወት ነበር፤ አጫዋቾቹ የት አገር እንዳሉ እንኳ አይታወቅም። ለመመዝገብ መታወቂያ ይጠየቃል፤ እሱ ደግሞ ከገጠሩ ቀበሌ መሸኛ ስላላመጣ ከተማው መታወቂያ ከልክሎታል። የወንድሙን ተዋሰ። ደረሰም፣ በሬ የሚዋዋሱ ወንድማማቾች በመታወቂያ ሊነፋፈጉ ነው እንዴ ብሎ፣ ለምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ ሰጠው። አሸናፊ ጠርቀም ያለ ገንዘብ ሲበላ ግን ካዚኖው ተጠራጠረ። ባለመታወቂያው መታወቂያውን ይዞ ፎቶ ይነሣ፣ ከዚያም በቪዲዮ ራሱ ቀርቦ ይናገር ተባለ።

«ትቆጣኛለች ብዬ ለእትዬ እንዳትነግራት አልኩት። ፎቶውስ አለፈ። በቪዲዮ አንዷ አማርኛ የምትችል ሠራተኛቸው ‹የሚጫወቱት እርስዎ ነዎት?› ስትለው…»

«እሺ?»

«‹እኔ? ቁማር? ሎቱ ስብሐት! ወንድሜ ነው እንጂ› አላት። ወዲያው ሒሳቤን ዘጉት፤ ገንዘቡም ቀለጠ።»

አቻምየለሽ ሳቅ አመለጣት። በለቅሶ ቤት! አፏን በነጠላዋ ያዘች። ደረሰ ነው ይሄ፤ ራሱ ነው።

«ሰደብኩት፣ እትዬ» አለ አሸናፊ እየተንሰቀሰቀ። «‹ድሮም ገበሬ!› አልኩት። መናኸሪያ እንኳ አልሸኘሁት።»

ልትቆጣው ፈልጋ ነበር፤ ግን እሷስ መቼ ሸኘችው? «ፎቶውን አሳየኝ» አለችው።

ስልኩን ከፍቶ አሳያት። ደረሰ መታወቂያውን አገጩ ሥር ይዞ፣ ፈገግ በል ተብሎ መሆን አለበት፣ ፈገግ ብሏል። የኮቱ ኮሌታ በአንድ ወገን ወደ ውስጥ ታጥፏል።

«እንዲህ ሆኖ ነው ከተማ የወጣው?» አለች። ኮሌታውን ልታወጣለት ጣቷን ሰደደች። ገና ስትነካው ፎቶው ሸርተት ብሎ ጠፋ፤ በቦታው አንድ የማታውቀው የኳስ ተጫዋች መጣ።

«መልሰው!» አለች፣ እንባዋ አሁን ዱብ ዱብ እያለ። «መልስልኝ፣ አልነካውም።»

አሸናፊ መለሰላት። ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ስልኩ ላይ አጎነበሰች።