የእንግዳ ውሃ

በቴልማን ወረዳ እንግዳ የሚጠራው ነፋሱ ከደቡብ ሲነፍስ ብቻ ነው። ከሰሜን ከመጣ የአሳማ በረቶቹንና ከሥራቸው የተንጣለለውን የአዛባ ኩሬ ጠርጎ ስለሚመጣ፣ እንኳን አገር ሊለምድ የመጣ ሰው እዚያው ተወልዶ ያደገውም አፍንጫውን በእጅጌው ሸፍኖ ነው መንገድ የሚሻገረው። የወረዳው ሰው «የገንዘብ ሽታ ነው» ብሎ ይስቃል። ኦሪን ስታልኪ ይህን ቀልድ መጀመሪያ የሰማው ጎረምሳ ሳለ ነበር፤ አሁን ስልሳ አልፎታል፤ ቀልዱም እንደ ኩሬው ከርሞ ከርሞ ሸቷል።

ኦሪን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነው። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ የአቀባበል ኮሚቴውን ቫን ይነዳል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ታላቅ እህቱ ቬርላ ናት። ያን ቅዳሜ ማለዳ ደወለችለት።

«ነፋሱ ደቡብ ነው፤ ተነስ። ደግሞ ያን አሮጌ ኮፍያህን እንዳታደርገው፣ አሳማ አሳማ ይላል።»

«እኔስ አልልም?»

«አንተንማ ምን ላድርግህ፣ ወንድሜ ሆነህብኝ።»

እንግዶቹ ከዴንቨር የመጡ ወጣት ባልና ሚስት ነበሩ፤ ጋረትና ሻና። ተዘግቶ የከረመውን የከተማዋን ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ገዝተው ሊከፍቱት ያስባሉ። መደብሩ ከተዘጋ ወዲህ የቴልማን ሰው ለአንድ ዳቦ ብሎ እስከ ጎረቤት ወረዳ ይነዳል፤ መንዳት ያቃታቸው አሮጊቶች በየቤታቸው የታሸገ ሾርባ እየከፈቱ ይበላሉ። ስለዚህ ቬርላ «እነዚህን ካጣን አለቀልን» ስትል ማጋነኗ አልነበረም። ኦሪንም ያውቀዋል።

ያላወቁት ነገር ቢኖር ሻና ደረቷ ላይ ሕፃን አቅፋ እንደምትመጣ ነው።

«ውይ የኔ ማር!» አለች ቬርላ፣ ከቫኑ እየወረደች። «ይቺስ ማን ናት?»

«ዊኒ ትባላለች፤ ገና ሦስተኛ ወሯ ነው» አለች ሻና።

ቬርላ ሕፃኗን አየች፤ ከዚያ ወንድሟን አየችው፤ ወዲያው ዓይኗን ሰበረች። ኦሪን ገባው። ሞተሩን አስነሳ።

ጠዋቱን ሙሉ አዞሯቸው። ቬርላ ከፊት ተቀምጣ ወደ ኋላ እየዞረች ታወራለች፦ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ትምህርት ቤቱ፣ በሩን የሚቆልፍ ሰው የሌለበት ሰፈር። ኦሪን በረቶቹ እንዳይታዩ በደቡቡ መንገድ ይጠመዘዛል።

«የአሳማ እርባታ አለ ሲሉ ሰምቼ ነበር» አለ ጋረት።

«አለ፤ ግን ራቅ ይላል» አለች ቬርላ።

ኮረብታው ባይጋርደው የበረቶቹ ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ ይታይ ነበር። ሻና መስኮቱን ዝቅ አድርጋ በረጅሙ ተነፈሰችና «አየሩ እንዴት ደስ ይላል!» ስትል ኦሪን የራሱን መስኮት ዘጋ። የጠላው አየሩን አልነበረም። ከጎኑ የተቀመጠችው እህቱ «አይደል?» ብላ በሙሉ ጥርሷ መሳቋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ከመንግሥት የተላከ አንድ የውሃ ባለሙያ የወረዳውን ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሰብስቦ አፍ አውጥቶ ነግሯቸዋል። አዛባው ቧንቧው ወደሚቀዳበት የውሃ ጉድጓድ ሰርጓል። አዋቂውን ቶሎ አይጎዳው ይሆናል፤ ጨቅላ ሕፃን ግን ከጠጣው ደሙ አየር መሸከም ያቅተዋል፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ታፍኖ ይቀራል። ማፍላት ደግሞ ያባብሰዋል እንጂ አያጠራውም፤ ውሃው ሲተን መርዙ ይቀራል። ሰዎቹ በጥሞና ሰሙት፤ ለእሱም በፍራፍሬ የተሞላ ፓይ ቆረሱለት፤ አመስግነው ሸኙት። ከዚያ ወዲህ አቅም ያለው ሁሉ የሚጠጣውን ከጎረቤት ወረዳ በፕላስቲክ ጀሪካን እያስቀዳ ያመጣል። ምድር ቤቱም ጓዳ ውስጥ የተደረደረ ጀሪካን አለ፤ «የእንግዳ ውሃ» ይሉታል። የእንግዳው ቡና፣ የእንግዳው ሎሚ ጭማቂ፣ በረዶው ሳይቀር ከዚያ ነው። ስለ ቧንቧው ግን ለማንም መጤ ትንፍሽ አይባልም።

ምሳው እዚያው ምድር ቤት ነበር። የኮሚቴው ሴቶች የአሳማ ጭን፣ አይብ የተጋገረበት ድንች፣ ሦስት ዓይነት ፓይ ደርድረዋል። ከሁሉ በዕድሜ የገፉት እትዬ ዶሬታ እንደ ልማዳቸው ካሮት የተፈቀፈቀበት አረንጓዴ ጄሊ አምጥተዋል፤ ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ዊኒ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች።

«ጉንጯን እዩልኝ! ልንከሳት እንዴ?»

«ተይ አንቺ፣ ጥርስሽ ይወልቃል!»

«እኔ ወስጃታለሁ፤ እናቷ ሌላ ትውለድ!»

ሻና እየሳቀች ተቀመጠች። እንዲህ ያለ አቀባበል ከተማ ውስጥ አይታ አታውቅም። ኦሪን ግን ሹካውን አላነሳም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይህ ነው ብሎ አሰበ።

ሕፃኗ አለቀሰች። ሻና ከቦርሳዋ ጡጦና የዱቄት ወተት አወጣች፤ ማንንም ሳታስቸግር ተነስታ ወደ ማጠቢያው ሄደችና ማንቆርቆሪያውን ቧንቧው ሥር ደቀነችው። ውሃው ጥርት ያለ ነበር። ክፋቱም እሱ ነው።

«እንዲሁ ልበጥብጠው ወይስ ላፍላው?» አለች።

ወሬው ቀጥ አለ። አሥር የሚሆኑ ሴቶች በየሳህናቸው ላይ አቀረቀሩ። ከጓዳው ጀሪካን ቢወጣ ጥያቄው አብሮ ይወጣል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል።

«አፍይው የኔ ልጅ» አለች ቬርላ። «አፍልቶ መስጠት ሁልጊዜም ይሻላል።»

ሻና ምድጃውን ለኮሰች። ኦሪን አንድ ሰው እስኪናገር ጠበቀ። እትዬ ዶሬታ ጄሊውን አስተካክለው በአራት ማዕዘን ቅርጽ ይቆርጡት ጀመር። ከወዲያ ጥግ አንዷ «እስቲ ጨው አቀብሉኝ» አለች፤ ጨው ተቀበለች።

ቬርላ ወደ ኦሪን ጆሮ ጠጋ አለች። «አንድ ጡጦ አይገድላትም። ይግዙትና ቀስ ብለን እንነግራቸዋለን።»

ትንፋሿ የቡናና የፓይ ሽታ ነበረው፤ ንጹሕ፣ ጣፋጭ ሽታ። ኦሪን ዕድሜውን ሙሉ የአዛባ ክርፋት ሲምግ እንዲህ ቋቅ ብሎት አያውቅም። ተነስቶ ሄደ፤ እሳቱን አጠፋ፤ ማንቆርቆሪያውን ማጠቢያው ውስጥ ገለበጠው።

«ለሕፃን አይሆንም» አለ። «ማፍላት ያባብሰዋል።»

ሻና አልገባትም። «ምን ማለትዎ ነው?»

«የአሳማ አዛባ ገብቶበታል። እኛም አንጠጣውም።»

«ኦሪን ቀልድ ይወዳል!» ብላ ቬርላ ሳቀች። የተከተላት አልነበረም።

ጋረት የሎሚ ጭማቂውን ብርጭቆ ወደ ብርሃኑ አንስቶ አየው። «ይሄስ?»

ኦሪን ጓዳውን ከፈተለት። ጀሪካኖቹ እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። «ያንተ ከዚህ ነው። ለእንግዳ ነው የምናስቀምጠው።»

ጋረት ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሻና ሕፃኗን ከያዘቻት ሴትዮ እጅ ነጠቀቻት እንጂ ተቀበለቻት አይባልም።

መኪናቸው ወዳለበት ሲመልሳቸው ቫኑ ውስጥ ከሕፃኗ ለቅሶ በቀር ድምፅ አልነበረም። ሊደርሱ ሲሉ ሻና «መቼ ሊነግሩኝ ነበር?» አለችው።

«እንዴት?»

«ልጄን ያዩዋት ጠዋት ነው። ጠዋቱን ሙሉ ትምህርት ቤት ሲያሳዩን ዋሉ። ማንቆርቆሪያው ባይጣድ ኖሮ መቼ ነበር?»

«ሌላ ሰው ይናገራል ብዬ…»

«ሌላ ሰው!»

በመስተዋቱ አያት። ሕፃኗን ከእሱ በኩል ካለው ጎኗ ወደ ሌላው አዛወረቻት፤ ከሚሸት ነገር እንደሚያርቁ። አላመሰገነችውም። ባታመሰግነው ልክ ናት ብሎ አሰበ።

ቫኑን ለመመለስ ሲመጣ ሴቶቹ ዕቃ እያጠቡ ነበር። የጮኸበት የለም፤ በቴልማን አይጮህም። ቬርላ ብቻ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ቀረበችው።

«ልጅቷን አዳንክ፤ ጎበዝ። አሁን እትዬ ዶሬታ ዳቦ ከየት ይግዙ?»

ኦሪን እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«የሚቀጥሉት ጡረተኞች ናቸው፤ ሞቴል ሊከፍቱ። ልጅ የላቸውም። የሳምንት ሰው ይበለን።»

ኦሪን የቫኑን ቁልፍ ከቆሸሹት ሳህኖች መሀል አስቀመጠው። «ሌላ ነጂ ፈልጊ።»

«ሌላ ማን ቀርቶ?» አለችው። ዞሮ ቢያይ እውነቷን ነበር፤ በእርጅና የጎበጡ ጀርባዎችና የተሸበሸቡ እጆች ብቻ። ተጸየፋቸው፤ ጥሏቸው የሚሄድበት አገር ግን አልነበረውም።

ደረጃው ጋ ሲደርስ እትዬ ዶሬታ ከኋላው ጠሩት። እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ነበር።

«ኦሪንዬ፣ እንግዲህ መደብሩም ቀረ አይደል… ነገ ወደዚያ ማዶ የምትሄድ ከሆነ ዳቦዬ አልቋል።»

ጄሊውን እንዴት አስተካክለው እንደቆረጡት ትዝ አለው። ፊታቸውን ሊያይ አልቻለም።

«ከቅዳሴ በኋላ እወስድዎታለሁ» አለ፣ ለደረጃው እንደሚናገር ሆኖ።

«ተባረክ» አሉት። «ጀሪካንም እይዛለሁ።»